«ሕንድ» ተብላ የተሸጠችው የምኒልክ ግርሽ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሜሪላንድ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። እሑድ እሑድ ሜዳ ላይ በሚዘረጋው ፍሊ ማርኬት የድሮ የሀበሻ ዕቃ ይገኛል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ስንት ሰዓት ልሂድ? ሳልሸወድስ እንዴት ልግዛ?» ነው ያልከው። እኔ ዲሲና አካባቢዋን አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ነገር ዞሬአለሁ። ሚስቴ «የአንተ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ሎት ነው» ትለኛለች። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ ነውና ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

አዎ፣ ይገኛል። በየሳምንቱ ግን አይደለም። አምስት እሑድ ባዶ እጄን ተመልሼ በስድስተኛው አንድ ነገር ካገኘሁ ደስ ብሎኝ ነው የምገባው።

መጀመሪያ ዕቃው እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የት እንደምትፈልግ የሚነግርህ እሱ ነው። አሜሪካኖች አስመራ ላይ የቃኘው ጦር ሰፈር ነበራቸው። እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ስንትና ስንት ወታደር እዚያ አገልግሎ ተመልሷል። ሌላው ሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) ነው፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች። የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1962 ነው። ከዚያ በየክፍለ ሀገሩ ተበትነው አስተማሩ። አባትህን ጠይቀው፣ እንግሊዝኛ ያስተማረው አንድ ጸጉረ ረጅም አሜሪካዊ አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ ሻንጣቸው ባዶ አልነበረም። ሞሰብ፣ የጅማ በርጩማ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትናንሽ ክፍል የሚያሳይ የሸራ ሥዕል፣ ሸክላ፣ ሳንቲም ይዘው መጡ። ዛሬ ያኔ ሃያ ምናምን የነበሩት ሰዎች ሰማንያን ተሻግረዋል። ቤታቸው እየተሸጠ ነው፣ ልጆቻቸው ምድር ቤቱን እያራገፉ ነው። ዕቃው መጀመሪያ ኤስቴት ሴል ላይ፣ ማለትም የሞተ ወይም ቤቱን የለቀቀ ሰው ዕቃ በሚሸጥበት፣ ይወጣል፣ የተረፈው ፍሊ ማርኬት ይደርሳል። ስለዚህ ሻጩ ራሱ ጡረተኛ ከሆነ ወይም የወላጆቹን ቤት ያራገፈ ከሆነ እሱ ዘንድ ቁም። አዲስ የስልክ ሽፋንና ካልሲ የደረደረውን እለፈው።

አሁን ዋናው ነገር። እዚህ ገበያ ውስጥ ከማንም የምትበልጥበት አንድ ችሎታ አለህ። ፊደል ታነባለህ። ሃምሳ ዓመት አሮጌ ዕቃ የነገደ ሰው የማያውቀውን አንተ ሁለተኛ ክፍል ሳለህ ተምረኸዋል።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ካፒቶል ሂል ኢስተርን ማርኬት ውጭ ከተዘረጉት ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ሰማያዊ የዴንማርክ ብስኩት ቆርቆሮ አየሁ። ያው እናቶቻችን መርፌና ክር የሚያኖሩበት። ውስጡ የየአገሩ ሳንቲም በትናንሽ ላስቲክ ታሽጎ፣ ላስቲኩ ላይ ተጽፎበታል። የጣሊያን ሊሬ፣ የግሪክ፣ የሜክሲኮ። አንዷ ላይ «ሕንድ፣ 2 ዶላር» ይላል። ከጥፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር ናት። ወደ ብርሃን ሳዞራት ባንዲራ የያዘ አንበሳ አየሁ። ከዚያ ቁጥሩ፦ ፲፰፻፺፭። 1895፣ የምኒልክ የብር ግርሽ። ቤቴ ስመዝናት 1.4 ግራም ሆነች፣ ልክ መሆን የሚገባትን።

የግዕዝ ቁጥር ከረሳህ በዚህ ሳምንት ከልሰው፣ አንድ ማታ ይበቃሃል። ቁጥሩን በአጋጣሚ የሚያውቅ ሻጭ ቢኖር እንኳ የእኛን ዘመን እንደነሱ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታል ማለት ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ጥሩ ዕቃ የሚወጣው ሻጮቹ ከመኪና ሲያራግፉ ነው። ነጋዴዎቹ በዚያ ሰዓት ባትሪ ይዘው እርስ በርስ ይገዛዛሉ። አንተ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በእነሱ ሰባት ተኩል፣ ብትደርስ ይበቃሃል። ርካሽ ዋጋ ከፈለግህ ደግሞ ሊዘጉ ሲሉ ና። ከባድ ዕቃ መልሶ መጫን የሚወድ የለም። ሞሰብና በርጩማ የገዛሁት ሁሌ ከሰዓት ነው፣ ሳንቲምና ሸክላ ግን ጠዋት። ኪስህ ውስጥ ዝርዝር ብር፣ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ ማግኔትና የኪስ ሚዛን ይኑርህ። ሚዛኑ ከምሳ ዋጋ አይበልጥም። ፓርኪንግ ግን ራስህ ቻለው፣ እኔ ስንት ቅጣት እንደከፈልኩ ለሚስቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ሳንቲም ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ነው።

በብዛት የምታየው ጠገራ ብር ነው፣ ማርትሬዛ። ሁሉም ላይ 1780 ይላል። ሻጩ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» ብሎ ሊያስደነግጥህ ይችላል። አትደንግጥ። ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከሞተች በኋላ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ሲመታ ኖሯል። አያትህ ለጥሎሽ የተቀበሉት ምናልባት ከአባትህ ብዙም የማይበልጥ ነው። ስለዚህ ለዓመቱ ብለህ ገንዘብ አትጨምር። የምትከፍለው ለብሩ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ሽራፊ ነው፣ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል። ጠዋት ስትወጣ የብርን የግራም ዋጋ ስልክህ ላይ ተመልከትና አባዛ። ከዚያ ብዙ ካለፈ ተወው።

ፎርጅዱን ለመለየት ጠርዙን እይ። ዙሪያውን ከፍ ከፍ ያሉ የላቲን ፊደላት አሉት፣ ትርጉሙ «በፍትሕና በርኅራኄ» ነው። ፎርጅድ ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ የለም። ድሮ ባላገሩ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የራሷን ዕንቁ በጣቱ ሳይዳስስ አይቀበልም ነበር ይባላል፤ አንተም አትፈር፣ ዳስስ። እኔ አገር ቤት ለእረፍት ሄጄ ከአንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ሦስት ገዛሁ። ሻጩ በጣም ጨዋ ሰው፣ ሻይ ጋበዘኝ። እዚህ መጥቼ ስመዝናቸው አንዱ 28፣ ሁለቱ 22 ግራም። ሻዩ ውድ ነበር።

የምኒልክ ብር ሌላ ነገር ነው። ፓሪስ የተመታ ነው። ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ብለው በክብደት እኩል አደረጉት፣ ሕዝቡ ግን የለመደውን ጠገራ አልለቅም አለ። በቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ከብሩ ዋጋ በላይ ያወጣል። ብዙዎቹ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባቸው ወይም ተበስተው ታገኛለህ፣ የአንገት ጌጥ የነበሩ ናቸው። ሰብሳቢዎች ይንቋቸዋል፣ ዋጋቸውም ይወድቃል። እኔ ግን እመርጣቸዋለሁ፣ የሰው አንገት ላይ የኖረ ብር ደስ ይለኛል። ይህ ግን የእኔ ጠባይ ነው፣ ለትርፍ ከሆነ ያልተበሳውን ፈልግ።

የጃንሆይ ዘመን የመዳብ ሳንቲሞች በሃምሳ ሳንቲም በአንድ ዶላር ይገኛሉ። አብዛኞቹ ላይ ፲፱፻፴፮ ይላል። እዚህም ዓመቱን አትመን፣ ለብዙ ዓመት ያንኑ ቀን እንደያዙ ተመትተዋል። ከነሱ ውስጥ ጠርዟ እንደ አበባ የተከረከመችውን 25 ሳንቲም ተመልከት። መጀመሪያ ስትወጣ ክብ ነበረች። ብር የሆነችውን 50 ሳንቲም ስለምትመስል የኛ ብልጦች ብር እየቀቧት በሃምሳ መነዘሯት። መንግሥት ሰብስቦ ጠርዟ በተከረከመች ተካት። ያልተከረከመች ክብ 25 ካገኘህ ዝም ብለህ ግዛ፣ አትከራከር።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ፦ አትጠብ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የምኒልክ ብር በ60 ዶላር ገዛሁ። ጥቁር ነው፣ ደብዛዛ ነው። ማታ ቁጭ ብዬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በጥርስ ሳሙና ፈገግ እስኪል ፈተግሁት። አበራ! ፎቶ አንሥቼ ለወንድሜ ላክሁለት። ቅዳሜ አንድ ሳንቲም ነጋዴ ዘንድ ወሰድኩት። በማጉያው ሦስት ሰከንድ አላየውም። «አጥበኸዋል» አለና በአንድ ጣት ወደኔ ገፋው። የከፈልኩትን ግማሽ እንኳ አልሰጠኝም። ያ ጥቁረት ዕድሜው ነበር። ብሩ አሁንም አለኝ፣ ቤቴ እንደ መስተዋት ያበራል።

ወደ ሸክላ ልምጣ። እዚህ ላይ ቁስል አለኝ። ልጅ ሳለሁ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ሰፈራችን ይመጣ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ የአባቴን ካርቶን ሙሉ ሸክላ ሰጥታ ሁለት ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ ወሰደች። ማጫወቻው ተበላሽቷል፣ ካሴት መጥቷል፣ ምን ታድርገው? ያን ጊዜ ማንም አያውቅም። ዛሬ የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ትናንሽ ሸክላዎች፣ ንጹሕ ከሆኑ፣ ከፈረንጅ ሰብሳቢ መቶዎች ዶላር የሚያወጡ አሉባቸው። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ውጭ ነው የታተሙት፣ ብዛታቸውም ትንሽ ነው። የካይፋና የፊሊፕስም አሉ። ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥተህ በፀሐይ አዘንብለህ እይ። ጸጉር የሚያህል ጭረት ምንም አይደል። ጥፍርህ የሚይዘው ጭረት መርፌውንም ይይዘዋል። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ካለ በቅርቡ እንደገና የታተመ ነው፤ ለመስማት ግዛው፣ በጥንት ዋጋ ግን አትግዛ። እንግሊዝኛ ሸክላ ብቻ የሚመስል ሣጥን ቢሆንም እስከ መጨረሻው ገልብጠው። ሻጩ ማንበብ ያልቻለውን ከኋላ ነው የሚከተው።

ቴምብር አልነካም። የምኒልክ ዘመን ቴምብሮች ላይ በኋላ የታተመ ጽሑፍ ያለባቸው ፎርጅድ ሞልቷል፣ ዓይኔንም አላምነውም።

የማልገዛውንም ልንገርህ። ብራና። በመስታወት ፍሬም የተሰቀለ አንድ ቅጠል ብራና ታያለህ፣ ያ ማለት አንድ ሰው መጽሐፉን ቀዶ በገጽ በገጽ ሸጦታል። አንዳንዱ ላይ የደብሩ ስም ሳይቀር ተጽፏል። የቅርስ አዋጃችን፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ያን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ማስቀደስ አልችልም። ያየሁትን ፎቶ አንሥቼ ለኤምባሲው ልኬአለሁ። የዝሆን ጥርስም ተወው፣ እዚህ አገር ሕጉ ከባድ ነው። «የጥንት» መስቀልና ሥዕል ግን አብዛኛው ለቱሪስት ተሠርቶ ጭስ የጠጣ ነው፣ ቆንጆ ሆኖ ካገኘኸው በአዲስ ዋጋ ግዛው።

ሰፋ ያለ ገበያ ማየት ካማረህ ማሳቹሴትስ ብሪምፊልድ በሜይ፣ በጁላይና በሴፕቴምበር ይዘረጋል። አንድ ጊዜ ሄጄ እግሬ አብጦ ተመለስኩ። ለጀማሪ አልመክርም።

ክርክሩን እንደ መርካቶ አታድርገው። እዚያ «ግማሹን ጥራ» ይባላል፣ እዚህ ግማሹን ከጠራህ ፊታቸው ይጠቁራል። ሁለት ሦስት ዕቃ ሰብስብና «አንድ ላይ ስንት ታደርግልኛለህ?» በል። ዕቃውን አታጣጥል። የአባቱን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሲንቁበት ይዘጋብሃል።

ሻጩ የማያውቀውን ዋጋ አውቀህ ዝም ትላለህ ወይስ ትናገራለህ? ወዳጆቼ «ዝም በል፣ ሞኝ» ይሉኛል። የዚያችን ግርሽ ነገር ልጨርስልህ። ሴትየዋን፣ ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ «ይሄ ሕንድ አይደለም» አልኳት። ቁጥሩን እያሳየሁ አነበብኩላት፣ አንበሳው የማን እንደሆነ ነገርኳት፣ ከሁለት ዶላር በላይ እንደምታወጣም ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «አባቴ እኮ ኢትዮጵያ አስተምሯል፣ ሲመለስ በሕንድ በኩል ስለመጣ ነው እንደዚያ የጻፍኩት» አለች። ለሳንቲሟ አሥር ዶላር ሰጠኋት፣ ሁለቱን ብቻ ወሰደች። «ጠብቀኝ» ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች።

አንድ የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። ሰባት ሸክላ። ማን እንደሚገዛው ስላላወቀች ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓመት አላወጣችውም። አንዱ የወረቀት ሽፋን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ባማረ የተማሪ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ለተወዳጁ መምህራችን፣ እንዳይረሱን። ከ9ኛ ለ ተማሪዎች»። ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንደገና ጠየቀችኝ። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት።

ስድስቱን በ30 ዶላር ወሰድኩ። ሁለቱ መርፌ አይቀበሉም። ሰባተኛውን አልሸጠችልኝም።