መልስ፦ አል አይን ለባልና ሚስት መምህራን

እህቴ፣ ከባለቤትሽ ጋር የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከተማ ወደሆነችው አል አይን ለማስተማር ልትሄዱ ነው፤ «ከተማው አይደብርም ወይ?» ብለሻል። እኔና ባለቤቴ እዚያ ሦስት ዓመት አስተምረናል። ዱባይን አስበሽ ከሄድሽ ይደብርሻል። እኛ ግን ፀጥታውን ወደነዋል።

የሥራ ቀኑ ያው ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ ማታ ፈተና ማረም። ዓርብ ግን ትምህርት እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። ቤት ገብተን ቡና እናፈላለን። የመጀመሪያ ቀን ዕጣኑን ሞቅ አድርጌ ሳጨስ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃ ላይ ወጣ! ከዚያ ወዲህ የምናጨሰው በረንዳ ላይ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ የተምር ደኑ ውስጥ በእግር እንዞራለን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመዘገባቸው የአል አይን ቅርሶች አንዱ ነው። «ፈለጅ» በሚሉት ጥንታዊ ቦይ ውሃ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ባለቤቴ የገበሬ ልጅ ነው፤ አንዴ ቦዩ ዳር ቁጢጥ ካለ አይነሳልኝም። «አባቴ ይህን ባየ» ይላል ሁሌ።

ሲመሽ ጀበል ሃፊት ወደሚባለው ተራራ እንሄዳለን። ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ መንገዱ ጫፍ ድረስ አስፋልት ነው። ከግርጌው ፍል ውሃ ስላለ እግራችንን ዘፍዝፈን እናወራለን። እንጀራ ሲያምረን ደግሞ ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር እንሄዳለን፤ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

የበጋቸው ሙቀት ግን ሌላ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ቀን ቀን መውጣቱን እርሺው። ጀበናሽን ደግሞ በእጅ ሻንጣ ያዢ፤ የእኛ የመጀመሪያዋ ጭነት ውስጥ ተሰብራ ነው የደረሰችው።