ሽማግሌ ተልኳልና ፈርሞ ይቀበል ወይ?

ሰላም እህታችን። ወንድምሽ ቡሬ ከተማ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሲሠራ መጋዙ ሁለት ጣቱን ቆርጦታል። በቀን 300 ብር ነው የሚከፈለው፣ የጽሑፍ ውል የለውም። አሠሪው 15,000 ብር አስይዞ ሽማግሌ ልኳል፤ «ፈርሞ ይቀበል ወይ?» ብለሻል።

ይቀበል። ግን የሚፈርመው ወረቀት «ለሕክምና የተሰጠ» ከሚለው አይለፍ። «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ካለበት እጁን ይሰብስብ። ሕክምናውማ ድሮም የአሠሪው ዕዳ ነው፤ 15,000 ብሩም የሁለት ወር ደሞዙን እንኳ አይሞላም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እዚያው ይቆጠራሉ። ስለዚህ «አረቄ ጠጥቶ ነበር» መባሉን ከአሁኑ ጠብቁ። የዚያን ቀን አብረውት የዋሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ሙሉ ስምና ስልክ ያዙ፤ የቀን ሠራተኛ አጨዳ ሲደርስ ይበተናል። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ መብቱን አያስቀረውም። መቀጠሩ በምስክር ይረጋገጣል፤ በባንክ ወይም በቴሌብር የገባለት ክፍያ ካለ ደግሞ የበለጠ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በሕክምና ካርዱ ነው። ድንገተኛ ክፍል ያደረሰው ሰው በጥድፊያ «ቤት ውስጥ ተቆርጦ» ብሎ ያስመዘግባል፤ አንዳንዴ ያደረሰው ራሱ አሠሪው ነው። ሄዳችሁ አስነብቡ። ቀኑ፣ «በሥራ ቦታ» እና «በመጋዝ ማሽን» የሚሉት ከሌሉ ለሐኪሙ አስረድታችሁ አስጽፉ። ስሙም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም፤ አንዱ «ደሳለው» ሌላው «ደሳለኝ» ካለ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።

ወደ ብሩ ስንመጣ፣ በወር 26 ቀን ከሠራ ደሞዙ 7,800 ብር ነው። ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉውን፣ ቀጣዩን 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ (5,850)፣ ቀሪውን 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ (3,900) በየወሩ ያገኛል። ለቋሚ ጉዳቱ፣ ጡረታ የማይቆረጥለትና ኢንሹራንስ ያልተገባለት ከሆነ፣ የ5 ዓመት ደሞዙ ማለትም 468,000 ብር ቦርዱ በሚሰጠው መቶኛ ይሰላል። 20 በመቶ ቢባል 93,600 ብር ይሆናል። እዚህ ግሩፕ ላይ «ለሁለት ጣት ይህን ያህል ነው» የሚላችሁን አትስሙ፤ የትኛው ጣት፣ ከየትኛው አንጓ፣ የቀረው ይታጠፋል ወይስ ደርቋል የሚለው ሁሉ ይለያያል። ቁስሉ ሳይድን ቦርድ መቅረብም አይጠቅምም። ጡረታ የሚቆረጥለት ከሆነ የቋሚ ጉዳቱ ጥያቄ ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት ይዞራል።

ቀኑን ቁጠሩ። ይርጋው፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ 1 ዓመት ነው፤ ለጥንቃቄ ከተጎዳበት ቀን ጀምራችሁ ያዙት። ሽማግሌ መቀመጡ ይርጋውን አያቆመውም፤ «ዛሬ ነገ» ሲባል ዓመቱ ያልቃል። አሠሪው ዕዳ እንዳለበት በጽሑፍ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል፤ ሽማግሌዎቹን የምትጠይቁት ይህንኑ ወረቀት ይሁን። እምቢ ካለ ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክሰሱ፤ ሠራተኛ የዳኝነት (የፍርድ ቤት) ክፍያ አይከፍልም። ዓመቱ ተቃርቦ የቦርዱ ውጤት ካልደረሰ ክሱን አስቀድማችሁ አስገቡና ፍርድ ቤቱ ለቦርዱ እንዲጽፍ አመልክቱ።