የጥያቄና መልስ ዓምድ፦ ለቅሶ ባለበት ሰፈር የግጥም ምሽት

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ከጎንደር የተላኩትን ሦስቱን መርጠናል። ለመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ የሰጠነው፣ ጉዳዩ ሌሎቹንም ጥያቄዎች ስለሚነካ ነው።

ጥያቄ፦ «በአዘዞ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ። ከባልደረቦቼና ከተማሪዎቼ ጋር በየወሩ የግጥም ምሽት እናዘጋጅ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምሽቱ መጀመሪያ ወደ ከሰዓት በኋላ ተዛወረ፤ በመጨረሻም ተቋረጠ። አሁን እንደገና ለመጀመር ስንነሣ፣ በሰፈሩ የምናከብራቸው አንድ አባት ‹ጎረቤታችሁ ለቅሶ ተቀምጦ እናንተ ልትዘፍኑ ነው?› ብለው ገሠጹን። ተማሪዎቼ ደግሞ ‹በዚህ ጊዜ ያልጻፍን መቼ ልንጽፍ ነው?› ይሉኛል። ከሁለቱ ማንን ልስማ?»

መልስ፦ መምህር ሆይ፣ በመጀመሪያ የአባታችንን ተግሣጽ አጥርተን እንስማው። እርሳቸው የነቀፉት ዘፈንን ነው፤ ግጥምን የሚያነሣ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። በአካባቢያችሁ ለቅሶ ያለ ግጥም እንደማይለቀስ ከእርስዎም ከእኔም ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል፤ ሙሾ አውራጇ የሟቹን ዘር፣ ሥራውንና ሳይጨርሰው የቀረውን ሁሉ በስንኝ ስታወርድ፣ ለቀስተኛውም እየተቀበለ ደረቱን ሲመታ፣ ያ ስብሰባ ራሱ የግጥም ጉባኤ ነው። ስለዚህ ለወጉ ተገዙለት፤ ዝግጅቱን በከበሮና በጭብጨባ አትክፈቱት፤ መሣሪያ ካስፈለገም በገና ወይም በዝግታ የሚመታ ማሲንቆ ይበቃችኋል። እኚህኑ አባት ከፊት አስቀምጣችሁ በወጣትነታቸው የሰሙትን የሙሾና የእንጉርጉሮ ስንኝ እንዲነግሯችሁ ለምኗቸው። የሚቆጣ ሽማግሌ የሚያስታውሰው ነገር ያለው ሽማግሌ ነው።

የተማሪዎቹ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። «በዚህ ጊዜ መጻፍ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ስለ ግጭቱ መጻፍን ማለታቸው ነው፤ የገዛ ከተማቸው ታሪክ ግን ሌላ መንገድም ያሳያቸዋል። ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ፣ ዘመነ መሳፍንት በምንለው ረጅም ጊዜ፣ ነገሥታቱ በስም ብቻ ቀርተው መሳፍንቱ እየተፈራረቁ ጎንደርን ያዙ። በዚያው ዘመን፣ በዚያችው በታወከች ከተማ፣ መምህር ኤስድሮስ የቀደመውን የመጻሕፍት ትርጓሜ መርምረውና አቃንተው «ታች ቤት» የተባለውን የአንድምታ ስልት አቆሙ። ሥራቸው የተሠራው ስለ መሳፍንቱ ጠብ ለመናገር አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ዘመን የጦር ዝና ይልቅ ዛሬ ድረስ በተማሪ አፍ የሚነገረው የእርሳቸው ወንበር ነው።

ከዚያ ወዲያ የመጣው የባሰ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ አጋዙ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋን አቃጠሉ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ፣ የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገው ነበር፤ ከብራና መጻሕፍቱም 350 ያህሉ ወደ ለንደን ገብተው እዚያው ቀርተዋል። («መወሰዳቸው በጀ፣ እዚህ ቢቀሩ ይቃጠሉ ነበር» የሚሉ ወዳጆች አሉን። ዘራፊው ስለ ቃጠሎው ተጨንቆ እንዳልወሰዳቸው ግን የታወቀ ነው፤ የጎንደር ደብተራም የገዛ ደብሩን መጽሐፍ ለማየት ባሕር ማቋረጥ የለበትም።) በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ የከተማው ሰው የንብ መንጋ ወጥቶ ጠበቀው ይላል።

በጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የአቋቋም ትምህርት ግን የሚቃጠል ነገር አልነበረም። ዝማሜው፣ የመቋሚያው አነሣሥ፣ የጸናጽሉ አመታት በመሪጌቶቹ እጅ፣ ጆሮና ጉልበት ውስጥ ያደረ ትምህርት ስለሆነ መምህሩ በሸሸበት አብሮት ይሸሻል፤ ሲመለስም አብሮት ይመለሳል። ቀልዳቸው ብቻ የሚነገርላቸው አለቃ ገብረ ሃና በልጃቸው ስም የሚጠራውን የተክሌ ዝማሜ ያመነጩት በዚያው በታወከ ምዕት ዓመት መሆኑን ተማሪዎችዎ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ቃል ብቻውን ይበቃል ማለቴ ግን አይደለም። በአብዮቱ ዋዜማ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ በደርግ ዓመታትም ቀጥሎ ነበር፤ በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ሲነሡ አንዱ ቅጅ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። መዘርዝሩን በማዘጋጀት ዋናውን ድርሻ የያዙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች አካላቸው የማይታዘዝላቸው ሆነው ነበር፤ ያን ሁሉ ገጽ ያገላበጡት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ በየዝግጅቱ የሚነበበው ግጥም በሁለት ቅጅ ይጻፍ፤ አንደኛው ከትምህርት ቤቱ ውጭ፣ በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። በስልክ የተቀረጸ ነገር ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ኢንተርኔትም በተቋረጠባቸው ወራት ምን እንደቀረላችሁ እናንተው ታስታውሳላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ብቻ አንብቦ እንዳይቀመጥ፤ ካለፈው ወር ግጥሞች የሌላ ሰው የሆነውን አንዱን በቃሉ አጥንቶ ይምጣ። ስለ ግጭቱ መጻፍ የፈለገ ይጻፍ፤ ስለ እናቱ የጓሮ ጌሾ የጻፈውን ግን «ጊዜውን ያልዋጀ» ብላችሁ አታሳፍሩት።

ጥያቄ፦ «በአራዳ የምኖር ወጣት ገጣሚ ነኝ። የማስበውን በግልጽ መጻፍ ስለምፈራ በሰምና ወርቅ እጽፋለሁ። ጓደኞቼ ‹ይህ ቅኔ አይደለም፣ ፍርሃት ነው› ይሉኛል። እውነታቸውን ነው?»

መልስ፦ ፍርሃት መሆኑን ራስዎ ስለነገሩን በእርሱ አንከራከርዎትም፤ መፍራትም በዚህ ጊዜ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሰሙ ሲሳሳ ነው። በቅኔ ቤት ሰሙ ብቻውን ሲነበብ ሙሉ ትርጉም ሊሰጥ ይገባዋል። «ወንበሩ ሰፋበት» ብለው ሲጽፉ፣ በአጎቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት ያልነካለት ሕፃን በእውነት ለአንባቢው ሊታየው ይገባል፤ ሕፃኑ ሳይታይ ባለሥልጣኑ ብቻ ከታየ፣ የተጻፈው ቅኔ ሳይሆን መሸፈኛው የተቀደደ ስድብ ነው፤ እንዲያ ያለው ሽፋን ደግሞ ከማንም አይሰውርዎትም።

ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. የደርግን ባለሥልጣናት የሚነካውን «ኦሮማይ» የተባለ ልብ ወለድ ሲያሳትም የገጸ ባሕርያቱን ስም ለውጦ ነበር፤ አንባቢ ግን ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ለየ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የማነሣው እርስዎን ለማስፈራራት አይደለም። እንደ እርሱ በግልጽ ለመጻፍ የሚወስን ሰው ዋጋውን አውቆ ይወስናል፤ ያንን ውሳኔ ጓደኞችዎ ሊወስኑልዎ አይችሉም። የአዝማሪውን ነገርም ያስቡ፤ «ተቀበል» ተብሎ የሚሰጠውን ስንኝ ሲያዜም የግጥሙ ባለቤት ሰጪው ነው ይባላል፤ ነገር ግን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ጠንቋይና አዝማሪ እየታደነ ሲገደል፣ ስንኙን ማን እንደሰጠ የጠየቀ አልነበረም። እንግዲህ «ስጽፍ ያበረታቱኝ ነበር» የሚሏቸው ወዳጆች ዋጋው ሲመጣ የት እንደሚሆኑ አስቀድመው ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ «ከማራኪ ነው የምጽፈው። አባታችን በደርግ ዘመን በኪነት ቡድን ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። ካረፉ በኋላ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ትተዋል። ወንድሞቼ ‹የካድሬ ዘፈን ነው› ብለው ሊጥሉት ይፈልጋሉ፤ እኔ አልቻልኩም።»

መልስ፦ እኅታችን፣ አይጣል። ወንድሞችዎ ያሉት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የቀበሌውም የአውራጃውም ኪነት የተደራጀው አብዮቱን ለማወደስ ነበር፤ ብዙ ወጣትም ወድዶ ሳይሆን ተመልምሎ ገብቷል። ነገር ግን የመፈክሩ ግጥም ከተጫነበት ሥር ያለው ዜማ የካድሬው አልነበረም። በከተማችሁ የፋሲለደስ ኪነት ሲባል ሰው ዛሬም በናፍቆት የሚያነሣው ስለ መፈክሩ አይደለም፤ እስክስታውንና የማሲንቆውን አመታት ነው። በዚያ ካርቶን ውስጥ የአባትዎ እጅ አለ፤ ምናልባትም ሌላ ቦታ ያልተቀረጸ የሰርግ ወይም የቀረርቶ ዜማ ይኖራል።

ካሴቶቹን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው፣ እንደ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ካለበት ዕቃም አርቀው፣ እንደ መጽሐፍ አቁመው ያስቀምጧቸው። በቀጥታ ማጫወት አይጀምሩ፤ አርጅቶ የተጣበቀ ክር ሊበጠስ ስለሚችል መጀመሪያ በእርሳስ ቀስ ብለው ያላሉት። ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥልዎ ባለሙያ ሲያገኙ ከአጠገቡ ይቀመጡ፤ ካሴቶቹን ትተውለት አይሂዱ። ከዚያ በፊት ግን እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ አንድ በአንድ እያሰሙ የሚዘፍነው ማን እንደሆነ፣ ክራር የያዘው ማን እንደነበረ፣ የት እንደተቀረጸ ይጠይቋቸውና በየካሴቱ ሽፋን ላይ በእርሳስ ይጻፉ።