ስለ ጋና ጠይቁ፦ ከቅኝ ግዛት ወዲህ ያለው ታሪክ

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ ልመና አለኝ፦ የጋናን ታሪክ በመጀመሪያው መሪ በንክሩማህ አትጀምሩት፤ በንክሩማህም አትዝጉት። የኮኮዋ ገበሬውን ሳታዩ ፖለቲካው አይገባችሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጋና ነጻ የወጣችው መቼ ነው?

መልስ፦ ማርች 6 ቀን 1957።

ጥያቄ፦ በ1948 አክራ ላይ የተተኮሰባቸው ሰልፈኞች ምን ጠይቀው ነው?

መልስ፦ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። ለእንግሊዝ በርማ ድረስ ሄደው ተዋግተዋል። ሲመለሱ ግን ቃል የተገባላቸውን አላገኙም። ፌብሩዋሪ 28 አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ገዥው መኖሪያ፣ ወደ ክርስቲያንስቦርግ ግንብ ሲያመሩ ፖሊስ ተኮሰባቸው። አጄቴ፣ አቲፖና ኦዳርቴ ላምፕቴ ሞቱ። ከተማው በረብሻ ታመሰ።

ግን እዚህ ላይ አትቁሙ። ከዚያ በፊት ሕዝቡ በኑሮ ውድነት ተማርሮ ከአውሮፓ ነጋዴዎች ዕቃ አልገዛም ብሎ ነበር። ገጠር ውስጥ ደግሞ በሽታ የያዛቸው የኮኮዋ ዛፎች በመንግሥት ትእዛዝ ይቆረጡ ነበር። ገና ፍሬ የሚሰጥ ዛፍህን ቁረጥ ስትባል አስበው!

ጥያቄ፦ አሻንቲዎች ንክሩማህን የተቃወሙት በዘር ነው አይደል?

መልስ፦ ይህን አባባል አልወደውም። ዘርም፣ የባላባቶቹ ክብርም አለበት። እሳቱን የለኮሰው ግን የኮኮዋ ዋጋ ነው። ኮኮዋውን ወደ ውጭ የሚሸጠው የመንግሥት ቦርድ ነው። በ1954 የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ። ገና በእንግሊዝ ሥር ሆኖ የውስጥ ጉዳዩን የሚያስተዳድረው የንክሩማህ መንግሥት ግን ለገበሬው በ60 ፓውንድ (27 ኪሎ ገደማ) ሸክም 72 ሺሊንግ ብቻ ብሎ ቆረጠ። የቀረው ለልማት ይሁን ተባለ። በዚያው ዓመት በአሻንቲዎች ከተማ በኩማሲ ብሔራዊ የነጻነት ንቅናቄ ተመሠረተ፤ ፌዴሬሽንም ጠየቀ። እኔ ገበሬው ተበድሏል ባይ ነኝ። መንገዱም ትምህርት ቤቱም በማን ላብ እንደተሠራ ይታወቅ።

አንድ የቡድኑ አባል፦ ፌዴሬሽን ቢሆን ኖሮ አገሩ ይበተን ነበር። ንክሩማህ ልክ ነው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ በ1958 ያለ ፍርድ የሚያስር ሕግ ለምን አወጣ? ተቃዋሚው ፖለቲከኛ ዳንኳ የሞተው እኮ እስር ቤት ነው።

አንደኛው፦ በ1963 አዲስ አበባ መጥቶ አፍሪካ በአንድ መንግሥት ትዋሃድ ያለ ሰው ነው!

ሌላው፦ እሱን ማን ጠየቀህ?

መልስ፦ የ1963ቱ ሌላ ቀን። ሁለታችሁም ንክሩማህ ላይ ተመለሳችሁ፤ ገበሬውን ረሳችሁት።

ጥያቄ፦ ስለ ጋና ታሪክ ባጭሩ ብታብራራልን?

መልስ፦ የቱን? ዘመን ወይም ሰው ጥቀስ።

ጥያቄ፦ ንክሩማህን የጣለው ሲአይኤ ነው?

መልስ፦ የጣሉት የገዛ አገሩ ወታደሮችና ፖሊሶች ናቸው፤ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966፣ ወደ ሃኖይ ጉዞ ላይ ሳለ። አሜሪካኖች ሴራውን ቀድመው እንደሚያውቁ ከራሳቸው ሰነድ ወጥቷል። በ1965 የኮኮዋ ዋጋ ክፉኛ መውደቁንም ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ንክሩማህ ለምን ወደቀ?

መልስ፦ አሁን መለስኩ እኮ! ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ፦ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ራውሊንግስ ጀግና ነው ወይስ ገዳይ?

መልስ፦ በ1979 ሦስት የቀድሞ መሪዎች በእሱ ዘመን ተረሸኑ። በ2001 ሥልጣኑን በሰላም አስረከበ። ሁለቱንም ያዝ።

ጥያቄ፦ ጠቅላይ ሚኒስትር ቡሲያ ግን ተመርጦ አልነበር? ለምን አልቆየም?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! በ1969 ተመረጠ። በዚያው ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች በሁለት ሳምንት ይውጡ አለ። ብዙ ናይጄሪያውያን ተባረሩ፤ የኮኮዋ እርሻው ሠራተኞችም አብረው ሄዱ። ከዚያ የኮኮዋ ዋጋ እንደገና ወረደ፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ። ዲሴምበር 1971 የአገሩን ገንዘብ፣ የሲዲን የምንዛሪ ዋጋ በኃይል ቀነሰ። የገበያ ዋጋ ናረ። ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1972፣ ኮሎኔል አቼምፖንግ ገለበጠው።