መልስ፦ የአባትህ ፕሮጀክተር ፊልሙን ለምን ያዘው?
ወንድሜ፣ «ፊልሙ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ምስሉም ይዘላል» ብለሃል። ሞተሩን ለመፍታት አትቸኩል። መጀመሪያ ፊልሙን ብርሃን ላይ ያዝና ቀዳዳዎቹን እያቸው። ትንንሽና በምስሉ መሃል ትይዩ ከሆኑ በፈረንጆቹ 1965 የመጣው ሱፐር 8 የሚባለው የፊልም ዓይነት ነው፤ ተለቅ ብለው በሁለት ምስሎች መካከል ካሉ ግን የድሮው 8 ሚሊሜትር ነው፣ ማሽንህ ደግሞ ለአንዱ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ፊልሙና ማሽኑ ከተስማሙ ፊልሙ የሚያልፍበትን በር ክፈትና በአልኮል በነከርከው ጥጥ ጥረገው። በብረት እንዳትፍቀው! ከበሩ በላይና በታች ፊልሙ ላላ ብሎ መታጠፍ አለበት፣ ከተወጠረ ቀዳዳው ይቀደዳል። የእኔን ያስቆመው ቺንጋው ነበር፤ ላስቲኩ ቀልጦ ጣቴን አጠቆረው። ሙከራውን በማያስፈልግህ ፊልም አድርግ፤ የቤተሰቡ ፊልም አቼቶ አቼቶ ከሸተተህ ግን ጨርሶ አታስገባው፣ ይበጠስብሃል።