መልስ፦ ቁርጥ ጨርቆችን ስገጣጥም ብርድ ልብሱ ለምን ይጎብጥብኛል?

አብሽሪ እህቴ፣ ማሽንሽን አትጠርጥሪው። ቁርጦቹን ጎን ለጎን ስትሰፊ የሚጎብጠው ሁሉንም ከአንድ ጫፍ ስለምትጀምሪ ነው። የማሽኑ ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ከላይኛው ትንሽ ፈጠን አድርጎ ይስባል። በአንድ ስፌት አይታወቅም፣ ሲደጋገም ግን ያው ያየሽው ነው። አንዱን ከላይ ወደ ታች ከሰፋሽ ቀጣዩን ከታች ወደ ላይ ስፊ።

ካውያውንም አትጎትቺው። አስቀምጪ፣ አንሺ። ስፌቱን ወደ ጠቆር ያለው ጨርቅ አጥፊው። መብራት ከሄደ ጥፍርም ይሠራል።

ስንት ቁርጥ ይበቃል ላልሽው፦ ተቆርጦና ተጠቅልሎ የሚሸጠው ጥቅል ውስጥ ያለው ቁርጥ 2 ኢንች ተኩል ስፋት ካለው፣ ከሁለቱም ጎን ሩብ ሩብ ኢንች ስፌት ይበላዋል። የሚቀርሽ 2 ኢንች ነው። ለሜትር ተኩል ስፋት ወደ 30 ቁርጥ ያዢ። ሩብ ኢንቹ እንዳይዛነፍ ከመርፌው 6 ሚሊ ሜትር ራቅ አድርገሽ ማሽኑ ላይ ፕላስተር ለጥፊ፣ ጠርዙን እሱን አስታከሽ ንጂው። ቁርጦቹን ቀድመሽ አትጠቢ፣ ተተልትለው ይጠላለፋሉ።

ጥቅሉ ካለቀብሽ ደሴ ያሉ ልብስ ሰፊዎችን ቁርጥራጭ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ አይነፍጉም። ጥጥ መሆኑን ለማወቅ አንድ ክር መዘዝ አድርገሽ ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ሁለቱን አትቀላቅዪ፣ ለጥጡ የሚሆን ካውያ ፖሊስተሩን ያቀልጠዋል።

ለኮምቦልቻ ሙቀት ገበር ብቻ ይበቃል። ለደሴ ብርድ ግን ባዘቶ ክተቺበት፤ ከላይ ቀረብ ቀረብ አድርገሽ ካልሰፋሽው ሲታጠብ ይጓጉላል።