መልስ፦ የኤቤ ኒልሰን ውድድር የሚሸልመው ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ሽልማቱ አዲስ ዝርያ ላገኘ ሰው የሚሰጥ ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አይደለም። ኮፐንሃገን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ተቋም፣ ጂቢአይኤፍ፣ የሚሸልመው ለሁሉም ክፍት ያደረገውን መረጃ ይበልጥ ጠቃሚ የሚያደርጉ ሶፍትዌሮችንና የአሠራር ዘዴዎችን ነው። ስያሜውም ለተቋሙ መመሥረት ብዙ ደክመው በ2001 እ.ኤ.አ. በድንገት ላረፉት የእሳት ራት ተመራማሪ ለኤቤ ኒልሰን መታሰቢያ ነው።

ለእኔ ዓላማውን አጉልቶ የሚያሳየው የ2019ኙ አሸናፊ፣ ከኮሎምቢያ የቀረበው ዌርኔክስት የተሰኘ ሶፍትዌር ነው። ዝርያዎች የተመዘገቡባቸውን ቦታዎች ከአካባቢው የአየር ንብረትና ከመሳሰሉት ጋር አገናዝቦ፣ ቀጣዩ የመስክ ጥናት የት ቢካሄድ የመረጃ ክፍተቱን ይበልጥ እንደሚሞላ ይጠቁማል፤ የመስክ በጀት ጠባብ በሆነበት አገር፣ መኪና የሚያደርሰውን የመንገድ ዳር ብቻ ደጋግሞ ከማጥናት የሚያድን ትልቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው፣ ባዮሎጂ ባያጠናም፣ ከባለሙያ ጋር ተጣምሮ ቢሞክር መልካም ነው።